ደረሰኝ የሌለው ወጪ፦ በአሜሪካ የግል ሹፌሮች የማይል ተቀናሽና የመዝገብ ጉዳይ

መግቢያ

አካውንቲንግ ሀ ብለን ስንጀምር በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚነገረን አንድ ነገር አለ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ወጪ አይደለም። እኔም ይህንን እንደ ሃይማኖት ይዤው ነበር። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ግን ቨርጂኒያ የሚኖረው አጎቴ ስልክ ደወለና እምነቴን አናጋው።

«አንተ አካውንቲንግ አይደል እንዴ የምትማረው?» አለኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ንገረኝ። ታክስ የሚሠራልኝ ሰውዬ ስንት ማይል ነዳህ ይለኛል። እኔ ምን አውቃለሁ! የቤንዚኑን ደረሰኝ በካርቶን ሞልቼ ሄጄ አያስፈልግም አለኝ።»

አጎቴ በኡበርና በሊፍት አፕ ሰው እያመላለሰ ነው የሚተዳደረው። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በዚህ ሥራና በታክሲ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ መሆናቸው ለማናችንም አዲስ አይደለም። ከክፍላችን ተማሪዎችም ዘመዱ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ አይጠፋም። ጥያቄውን በዚያው ሰዓት መመለስ ስላልቻልኩ ጊዜ ወስጄ አነበብኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ንባብ ውጤት ነው።

ጽሑፉ ሊያሳይ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። በአሜሪካ የግብር ሕግ የግል ሹፌር ትልቁ ተቀናሽ ወጪ የሚለካው በብር ደረሰኝ ሳይሆን በተነዳው ርቀት ነው። ርቀቱን የሚያረጋግጠው ደግሞ ሹፌሩ በየዕለቱ የሚጽፈው መዝገብ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ራሱ ደረሰኝ ነው ለማለት ይቻላል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።)

1. ሹፌሩ በሕግ ፊት ማን ነው?

በአፕ የሚሠራ ሹፌር በአሜሪካ ፌዴራል ግብር አሠራር በአብዛኛው የሚታየው እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ግል ሠሪ ነው። የአንድ ሰው ድርጅት እንደማለት ነው። ገቢውንና ወጪውን ከግል የግብር ማስታወቂያው ከፎርም 1040 ጋር በሚያያዘው ስኬጁል ሲ በሚባለው ቅጽ ላይ ያሰፍራል። ከገቢው ላይ የሥራ ወጪው ተቀንሶ የሚቀረው የተጣራ ትርፍ ነው ግብር የሚከፈልበት።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ተቀጣሪ ሹፌር በራሱ መኪና ለሥራ ቢነዳና አሠሪው ባይተካለት ከ2018 ጀምሮ ወጪውን ከፌዴራል ገቢ ግብሩ ላይ መቀነስ አይችልም። ግል ሠሪው ግን ይችላል። በሌላ በኩል ግል ሠሪው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፈለውን የሠራተኛውንም የአሠሪውንም ድርሻ ብቻውን ይሸከማል። ይህ የራስ ሥራ ግብር የሚባለው ነው። መጠኑ 15.3 በመቶ ሲሆን፣ የሚሰላው በተጣራው ትርፍ 92.35 በመቶ ላይ ነው። በዚህ መቶኛ ተሰልቶ የሚገኘው የራስ ሥራ የተጣራ ገቢ 400 ዶላር ከደረሰ ይከፈላል። የገቢ ግብር የማይደርስበት ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሹፌር እንኳን ከዚህኛው አያመልጥም። ብዙ ሹፌሮች ሚያዝያ ላይ የሚደነግጡትም በዚህ ነው።

ገቢ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። አፑ የሚልከው ፎርም 1099-ኬ የሚያሳየው ተሳፋሪው የከፈለውን ጠቅላላ ሒሳብ ነው፤ የድርጅቱ ኮሚሽን ገና አልተቀነሰም። ወደ ባንክ የገባው ገንዘብ ግን ኮሚሽኑ ተቀንሶ ነው። ሹፌሩ ከጠቅላላው ከጀመረ ኮሚሽኑን እንደ ወጪ ይቀንሳል። ከባንኩ ከጀመረ ግን ኮሚሽኑን እንደገና መቀነስ የለበትም፤ ሁለት ጊዜ መቀነስ ይሆናል። በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ የዚህን ፎርም መነሻ ወደ ቀድሞው ከ20,000 ዶላርና ከ200 ግብይት በላይ መልሶታል። ስለዚህ ፎርሙ የማይደርሳቸው ሹፌሮች ይኖራሉ። ፎርም አልደረሰኝም ማለት ግን ገቢ የለኝም ማለት አይደለም።

2. ሁለቱ መንገዶች

የመኪና ወጪን ለመቀነስ ሕጉ ሁለት መንገድ ይሰጣል።

የመጀመሪያው የእውነተኛ ወጪ ዘዴ ነው። ቤንዚን፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገና፣ ጎማ፣ ዘይት፣ የምዝገባ ክፍያ እና የመኪናው የእርጅና ቅናሽ ተደምረው መኪናው ለሥራ በዋለበት መቶኛ ይባዛሉ። እኛ ክፍል ውስጥ የተማርነው ይህንን የመሰለውን ነው። ደረሰኝ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የማይል ተመን ዘዴ ነው። አይ አር ኤስ በየዓመቱ ለአንድ የሥራ ማይል ይህን ያህል ሳንቲም ብሎ ያውጃል። ለ2023 65.5 ሳንቲም፣ ለ2024 67 ሳንቲም፣ ለ2025 ደግሞ 70 ሳንቲም ነበር። በ2022 የነዳጅ ዋጋ ሲንር በዓመቱ አጋማሽ ተለውጦ እስከ ሰኔ መጨረሻ 58.5፣ ከሐምሌ ጀምሮ 62.5 ሆኗል። ስለዚህ የማንኛውም ዓመት ሒሳብ ሲሠራ የዚያን ዓመት ተመን ማየት ግድ ነው።

ይህ ተመን ቤንዚኑን፣ ኢንሹራንሱን፣ ጥገናውን፣ ጎማውንና የእርጅና ቅናሹን በአንድ ላይ ጠቅልሎ ይዟል። የአጎቴ ካርቶን ሙሉ የቤንዚን ደረሰኝ የማያስፈልገው ለዚህ ነው። ተመኑን የመረጠ ሰው ቤንዚንን ለብቻው ደግሞ መቀነስ አይችልም። ከተመኑ ውጭ በተጨማሪ የሚቀነሱም አሉ። ለሥራ የተከፈለ የፓርኪንግና የቶል ክፍያ፣ የመኪናው ብድር ወለድ የሥራ ድርሻ፣ እንዲሁም እንደ ቨርጂኒያ ባሉ ግዛቶች በመኪናው ዋጋ ላይ በየዓመቱ የሚጣለው የንብረት ግብር የሥራ ድርሻ ናቸው። የትራፊክ ቅጣት ግን በየትኛውም መንገድ አይቀነስም።

ምርጫው ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በራሱ መኪና የሚሠራ ሹፌር መኪናውን ለሥራ ባዋለበት የመጀመሪያ ዓመት የማይል ተመንን ካልመረጠ ለዚያ መኪና ኋላ ወደ ተመኑ መመለስ አይችልም። በመጀመሪያው ዓመት ተመኑን ከመረጠ ግን በሚቀጥሉት ዓመታት ወደ እውነተኛ ወጪ መዞር ይችላል። መኪናው በሊዝ የተያዘ ከሆነና ተመኑ ከተመረጠ እስከ ሊዙ መጨረሻ በዚያው ይቀጥላል። በሌላ አነጋገር የመጀመሪያው ዓመት ውሳኔ የሚቀጥሉትን ዓመታት በር ይከፍታል ወይም ይዘጋል።

3. የትኛው ማይል ነው የሥራ ማይል?

ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አጎቴ ከአፑ የደረሰውን የዓመቱን ማጠቃለያ ላከልኝ። 20,000 ማይል ይላል። የመኪናው ቆጣሪ ግን በዓመቱ 40,000 ማይል ያህል መሄዱን ያሳያል። የቀረው 20,000 የት ገባ?

የእርሱ ማጠቃለያ የቆጠረው ተሳፋሪ መኪናው ውስጥ ያለበትን ርቀት ብቻ ነው። ሹፌር የሚሠራው ግን ሰው ጭኖ ብቻ አይደለም። የሹፌርን ቀን ብንከፋፍለው እንዲህ ይሆናል፦

ሀ) ተሳፋሪ ጭኖ የሚነዳው። ይህ ያለ ጥርጥር ሥራ ነው።

ለ) ጥሪ ተቀብሎ ተሳፋሪውን ለማንሳት የሚነዳው። ይህም ሥራ ነው።

ሐ) ተሳፋሪ ካወረደ በኋላ ጥሪ ወደሚገኝበት አካባቢ ወይም ወደ ኤርፖርት የመጠባበቂያ ቦታ ባዶውን የሚመለሰው። አፑን ከፍቶ ሥራ እየፈለገ እስከሆነ ድረስ ይህም የሥራ ጉዞ ነው። የሚረሳውና የሚባክነው ይህኛው ነው።

መ) ጠዋት ከቤት ወጥቶ ሥራ እስከሚጀምርበት አካባቢ፣ ማታም ሥራ አብቅቶ ወደ ቤት የሚነዳው። የሕጉ መሠረታዊ መርህ ከቤት ወደ ሥራ የሚደረግ ጉዞ የግል ነው ይላል። ቤቱ ዋና የሥራ ቦታው መሆኑን የሚያሳይ ሰው የተለየ ነገር ሊከራከር ይችላል፤ ለሹፌር ግን ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ጠንቃቃ ሰው እነዚህን ማይሎች ለብቻ ይጽፋል።

ሠ) ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ። ይህ የግል ነው። አፑ ተከፍቶ ቢሆንም እንኳ የግል ነው። አፑ በርቷል ማለት ሥራ ላይ ነኝ ማለት አይደለም፤ የሚታየው የጉዞው ዓላማ ነው።

ሁለት አፕ ለሚጠቀም ሰው ሌላ ወጥመድ አለ። ሁለቱም በርተው ጥሪ ሲጠባበቅ የነዳው አንድ ማይል አንድ ማይል ነው። ሁለቱ ድርጅቶች የሚልኩትን ማጠቃለያ ዝም ብሎ የደመረ ሰው አንዱን ርቀት ሁለት ጊዜ ሊቆጥር ይችላል። ስለዚህ የድርጅቶቹ ማጠቃለያ ለማመሳከሪያ ይጠቅማል እንጂ የሹፌሩን መዝገብ አይተካም።

4. ማስረጃው ለምን ይህን ያህል ጠበቀ?

ይህ ጥያቄ ወደ አንድ የታወቀ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይወስደናል። ጆርጅ ኮሃን የኒው ዮርክ የብሮድዌይ የቴአትርና የሙዚቃ ሰው ነበር። ለሥራው ሲል ለጉዞና ለግብዣ ብዙ ገንዘብ ቢያወጣም ሒሳብ አልያዘም። የግብር ጉዳይ ሰሚው አካል ማስረጃ የለህም ብሎ ሙሉ በሙሉ ከለከለው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ1930 በዳኛ ለርንድ ሃንድ በተጻፈው ውሳኔ ሌላ አለ። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ሰውዬው ወጪ ማውጣቱ የታወቀ ከሆነ ምንም አላወጣህም ማለት ፍትሐዊ አይደለም፤ ግምት ይወሰድ። ግምቱ ግን መዝገብ ባለመያዝ ጥፋት የሠራው ራሱ ስለሆነ በእርሱ ላይ የጠበቀ ይሁን።

ይህ የኮሃን መርህ ለብዙ ዓመታት ሠራ። በ1962 ግን የአሜሪካ ምክር ቤት በግብር ሕጉ ላይ አንቀጽ 274(መ)ን ጨምሮ ለጉዞና ለግብዣ ወጪ ግምት እንዳይሠራ አደረገ። በ1984 ደግሞ መኪና በዚሁ ጥብቅ ዝርዝር ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት ሕጉ መዝገቡ ጉዞው በተደረገበት ወቅት የተጻፈ መሆን አለበት የሚል ቃል ጨምሮ ነበር፤ ተቃውሞ ስለበዛ በ1985 ቃሉ ተነሣ። የቀረው መስፈርት በቂ መዝገብ፣ ወይም የግብር ከፋዩን ቃል የሚደግፍ በቂ ማስረጃ የሚለው ነው። ሆኖም ደንቡ ጉዞው በተደረገበት ጊዜ ወይም በቅርቡ የተጻፈ መዝገብ ኋላ ከተጻፈው የበለጠ ተአማኒ መሆኑን ይናገራል።

ከዚህ የሚወጣው ውጤት ለተማሪ በጣም የሚገርም ነው። ሹፌሩ ከመኪናው ወጪ ውጭ የሆነ ትንሽ የሥራ ዕቃ ገዝቶ ደረሰኙን ቢጥል ዳኛው በኮሃን መርህ ሊገምትለት ይችላል። ዋናውን ወጪውን፣ ማይሉን፣ ሳይመዘግብ ቢቀር ግን ዳኛው ሹፌር መሆኑን እያወቀ፣ መኪናው እንደተነዳ እያየ፣ እንኳ መገመት አይችልም። ሕጉ እጁን አስሮታል። ትንሹ ወጪ ይቅርታ አለው፤ ትልቁ የለውም።

መዝገቡ አራት ነገር መያዝ አለበት፦ ምን ያህል ማይል፣ መቼ፣ ወዴት፣ ለምን ዓላማ። በስኬጁል ሲ ክፍል አራት ላይ መኪናው ለሥራ የዋለበት ቀን፣ የሥራ ማይል፣ ከቤት ወደ ሥራ የተነዳ ማይልና ሌላ ማይል ለየብቻ ይጠየቃሉ። መጨረሻው ላይ ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። ማስረጃ አለህ? ካለህ በጽሑፍ ነው? እነዚህን አዎ ብሎ የሚፈርመው ሹፌሩ ነው እንጂ ታክስ የሠራለት ሰው አይደለም። «ስንት ላድርግልህ? 30,000 ልበለው?» የሚል ሠራተኛ የገጠመው ሰው ይህንን ያስታውስ። ክብ ቁጥር ለኦዲተር ዓይን ይጋብዛል። ተቀናሹ ሲወድቅም ከነወለዱ የሚከፍለው፣ በቸልተኝነት ከታየም 20 በመቶ ቅጣት የሚጨመርበት፣ ሹፌሩ ነው።

5. በቁጥር እንየው

ለስሌት እንዲመች ቁጥሮችን አጠጋግተን የ2025 ሒሳብ እንሥራ። ጠቅላላ ገቢ 62,000 ዶላር፣ የአፑ ኮሚሽንና ክፍያ 17,000፣ ቶልና ፓርኪንግ 900፣ የስልክ የሥራ ድርሻ 300 ይሁን። መኪናው በዓመቱ 40,000 ማይል ሄዷል፤ ከዚህ የሥራው 34,000 ነው እንበል።

በማይል ተመን፦ 34,000 ሲባዛ በ0.70 = 23,800 ዶላር።

በእውነተኛ ወጪ፦ ቤንዚን 4,400፣ ኢንሹራንስ 2,800፣ ጥገናና ጎማ 2,200፣ ምዝገባ 200፣ የእርጅና ቅናሽ 3,400፤ ድምር 13,000። የሥራ ድርሻው 34,000 ለ40,000 ወይም 85 በመቶ ስለሆነ ተቀናሹ 11,050 ዶላር።

ዋጋው መካከለኛ የሆነ፣ ቤንዚን የማይበላ፣ ብዙ ርቀት የሚሄድ መኪና ላለው ሹፌር ተመኑ እጥፍ ያህል ሆነ። ውድ አዲስ መኪና ገዝቶ ጥቂት ማይል የሚነዳ ሰው ጋ ግን ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም አስልቶ ማየት ነው።

በተመኑ ስንቀጥል የተጣራው ትርፍ 62,000 ሲቀነስ 17,000፣ 23,800፣ 900 እና 300 = 20,000 ዶላር። የራስ ሥራ ግብሩ 20,000 ሲባዛ በ0.9235 ሲባዛ በ0.153 = 2,826 ዶላር ገደማ።

ምንም ማይል ባይቀንስስ? ትርፉ 43,800 ይሆናል፤ የራስ ሥራ ግብሩ ወደ 6,189 ዶላር ይወጣል። ልዩነቱ 3,363 ዶላር ነው።

በአፑ ማጠቃለያ ላይ ያለውን 20,000 ማይል ብቻ ቢቀንስስ? ያልተቆጠረው 14,000 ማይል 9,800 ዶላር ተቀናሽ ነበር። በዚህ ምክንያት ብቻ 1,385 ዶላር ያህል ትርፍ ይከፍላል። የገቢ ግብሩ ልዩነት ገና አልተነሣም፤ እርሱ እንደ ቤተሰቡ ሁኔታ ይለያያል።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ እናርም። 70 ሳንቲም መንግሥት የሚመልሰው ገንዘብ አይደለም። ግብር ከሚከፈልበት ትርፍ ላይ የሚቀነስ ነው። ከራስ ሥራ ግብር አንጻር አንድ ማይል የሚያተርፈው አሥር ሳንቲም ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ባዶውን 12 ማይል ተመልሶ ያልጻፈ ሹፌር አንድ ዶላር ከ20 ሳንቲም መሬት ላይ ጥሎ እንደሄደ ይቁጠረው። ይህ በቀን ስንት ጊዜ፣ በዓመት ስንት ቀን እንደሚሆን አንባቢው ያስላው።

6. መዝገቡ እንዴት ይያዝ?

ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ዳሽቦርድ ውስጥ የሚቀመጥ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። በየዕለቱ አንድ መስመር፦

ቀን፤ ሥራ ሲጀመር ቆጣሪው፤ ሥራ ሲያልቅ ቆጣሪው፤ የተሠራበት አካባቢ፤ ዓላማ፤ በመሃል የተነዳ የግል ማይል።

ለምሳሌ፦ መጋቢት 3፤ 81,204፤ 81,352፤ አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ኤርፖርት፤ ተሳፋሪ ማመላለስ፤ የግል 9። የሥራው 148 ሲቀነስ 9 = 139 ማይል።

የእያንዳንዱን ተሳፋሪ መነሻና መድረሻ አፑ ራሱ ይዞታል። ደብተሩ የቀኑን ጠቅላላ ይይዛል፤ አፑ ዝርዝሩን ይይዛል፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል። በጂ.ፒ.ኤስ. ማይል የሚቆጥሩ የስልክ ፕሮግራሞችም አሉ። ይጠቅማሉ፤ ሥራና ግል የሚለውን ግን ሰው ነው የሚለየው። ታኅሣሥ 31 ማታና ጥር 1 ጠዋት የቆጣሪውን ፎቶ ማንሳት፣ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ቆጣሪው የተጻፈበትን ደረሰኝ ማስቀመጥ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። ጋራዡ ሦስተኛ ወገን ስለሆነ የእርሱ ቁጥር ይታመናል።

ደንቡ በናሙና መሥራትንም ይፈቅዳል። ለምሳሌ የየወሩን የመጀመሪያ ሳምንት ብቻ መዝግቦ ሌላው ሳምንት ተመሳሳይ መሆኑን ማሳየት ይቻላል። የአፕ ሹፌር ሥራ ግን ሳምንት ከሳምንት ስለሚለያይ እኔ አልመክረውም። መዝገቡ ማስታወቂያው ከገባ በኋላ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቀመጥ።

አጎቴ ደብተር አልነበረውም። ታዲያ ምን አደረግን? በስልክ እየተነጋገርን ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ከአፖቹ የእያንዳንዱን ጉዞ ዝርዝር አወረደ። አንዱ ጉዞ ባለቀበትና ቀጣዩ በተነሣበት ቦታ መካከል ያለውን ርቀት፣ በሰዓቱ መቀራረብ ሥራ ላይ መሆኑ የሚታወቀውን ብቻ፣ አንድ በአንድ አወጣን። ከዘይት ቅያሪ ደረሰኞቹ ጋር አመሳከርን። እርሱ በግምት 34,000 ይሆናል ያለው 29,000 ላይ ቆመ።

«የቀረውስ?» አለኝ። «በእግዚአብሔር እልሃለሁ ነድቼዋለሁ።»

«ጋሼ፣ መንዳትዎን እኔ አምናለሁ። ወረቀቱ ግን አያምንም።»

5,000 ማይል ተውን። በራስ ሥራ ግብር ብቻ ከ490 ዶላር በላይ ነው። ለአጎቴ ይህ የብዙ ሰዓት መሪ ላይ መቀመጥ ነው። ዝም አለ፤ ኋላ ሳቀና «በል ደብተር ልግዛ» አለ። አሁን በየቀኑ ይጽፋል።

7. የሳንቲሙ ሌላ ገጽ

ተቀናሹ ሁሉ ጥቅም ብቻ ነው ብሎ መደምደም ትክክል አይሆንም። ሦስት ነገር ይታሰብ።

አንደኛ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ። ለጡረታ በአብዛኛው 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ አራት ነው። በ2025 አራቱን ለማግኘት 7,240 ዶላር ገቢ ያስፈልግ ነበር። ለግል ሠሪ የሚቆጠረው ጠቅላላ ገቢው ሳይሆን ከተጣራው ትርፍ የሚነሣው ሒሳብ ነው። በእርጅናው ዋዜማ አሜሪካ ለገባ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሆኖም ለዚህ ሲባል የሚፈቀድን ወጪ ሆን ብሎ መተው መፍትሔ አይደለም፤ የራስ ሥራ ገቢ ሲሰላ የሚፈቀዱት ተቀናሾች መግባት አለባቸው። የሚቻለው አስቀድሞ አውቆ ማቀድ ነው።

ሁለተኛ፣ ብድር። ቤት ለመግዛት የሚሄድ ሹፌር 62,000 አገኛለሁ ቢልም ባንኩ የሚያነበው 20,000ውን ነው። አበዳሪዎች ግን በተመኑ ውስጥ ያለውን የእርጅና ቅናሽ መልሰው ሊደምሩለት ይችላሉ፤ ከእጁ የወጣ ጥሬ ገንዘብ አይደለምና። በ2025 ከ70 ሳንቲሙ 33ቱ የእርጅና ቅናሽ ነበር። ይህንን የማያውቅ አመልካች አይጠይቅም፤ ያልጠየቀም ሊቀርበት ይችላል።

ሦስተኛ፣ መኪናው ሲሸጥ። ያው 33 ሳንቲም የመኪናውን የመዝገብ ዋጋ በየማይሉ ይቀንሳል። በምሳሌያችን 34,000 ማይል 11,220 ዶላር ማለት ነው። መኪናው ኋላ ከቀረው የመዝገብ ዋጋ በላይ ቢሸጥ ልዩነቱ ግብር የሚከፈልበት ትርፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደብተሩ መኪናው እስኪሸጥ ድረስ አይጣልም።

ማጠቃለያ

በጽሑፉ መግቢያ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ወጪ አይደለም የሚለው ትምህርት ተናጋ ብዬ ነበር። ሳስበው ግን ትምህርቱ አልተሳሳተም፤ እኔ ደረሰኝ ማለት ሌላ ሰው የሚሰጠን ወረቀት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሹፌሩ ጎማው ሲያልቅ፣ ሞተሩ ሲያረጅ ደረሰኝ የሚቆርጥለት የለም። በየማይሉ የሚያልቀውን ንብረቱን የሚመሰክርለት ራሱ በዕለቱ የጻፈው መስመር ብቻ ነው። ሕጉ ለዚያ መስመር የካርቶን ሙሉ ደረሰኝ ያህል ዋጋ ሰጥቶታል፤ መስመሩ ከሌለ ግን ምንም አይሰጥም።

እኛም ነገ ተመርቀን የሰው ሒሳብ ስንይዝ፣ ደንበኛው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ሲመጣ «ስንት ላድርግልህ?» ከማለት ይልቅ ዓመቱ ሲጀምር «ደብተር ይዘሃል?» ብለን ብንጠይቅ የተሻለ ሙያተኛ እንሆናለን።

ለመወያያ

1. አንድ ሹፌር ጠዋት ከቤቱ 15 ማይል ነድቶ ኤርፖርት ከደረሰ በኋላ አፑን ከፈተ። 15ቱ ማይል በየትኛው ምድብ ይገባል? አፑን ቤቱ በር ላይ ከፍቶ ቢወጣስ መልሱ ይለወጣል? ለምን?

2. በክፍል 5 ምሳሌ ላይ የሥራው ማይል 12,000 ብቻ፣ መኪናው የሄደው ጠቅላላ 15,000፣ ሌሎቹ የመኪና ወጪዎች እንዳሉ ሆነው የእርጅና ቅናሹ 9,000 ዶላር ቢሆን የትኛው ዘዴ ይሻላል?

3. የኮሃን መርህ ለማይል እንዳይሠራ መደረጉ ፍትሐዊ ነው? ከሹፌሩ እና ከግብር ሰብሳቢው ወገን ሆናችሁ ተከራከሩ።